ስለ «ቡልቡላ» ጨዋታና ስለ መዋጮው ገንዘብ

(ከአርሲ ነገሌ በመጣን አምስት ተማሪዎች ስም በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት ላይ፥ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. የተነበበ)



በዚህ ምሽት በፊታችሁ የቆምነው ገንዘብ ለመጠየቅ ነው። ብዙ ተናጋሪዎች የመጡበትን ጉዳይ እስከ ንግግራቸው መጨረሻ ሸሽገው ያቆዩታል፤ እኛ ግን ከመጀመሪያው መናገር ይሻላል ብለን አሰብን። የምንጠይቀው 132,000 ብር ነው። ይኸውም እኛው ራሳችን አስበን ያወጣነውን፥ ስሙንም «ቡልቡላ» ያልነውን፥ እንደ ገበጣና እንደ ሰንጠረዥ በገበታ ላይ የሚጫወቱትን አዲስ ጨዋታ 150 አድርገን ለማሠራት ነው።

ይህን ስንል ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንዳላችሁ እናያለን፤ ምክንያቱንም እናውቀዋለን። ከሁለት ዓመት በፊት «የሐይቆቹን አገር እናስጎበኛችኋለን» ብለን ከ64 ተማሪዎች መቶ ሃምሳ መቶ ሃምሳ ብር ሰብስበን ነበር። ጠቅላላው 9,600 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 4,000 ብር ለአውቶቡስ ቀብድ ከፈልን። ከዚያ በኋላ የኪራዩ ዋጋ ከፍ አለና ጉዞው ቀረ፤ ቀብዱም ሳይመለስ ቀረ። እስከዚህ ድረስ ያለው በማንም ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ጥፋታችን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ዝም አልን። ገንዘቡን አልበላነውም፤ ነገር ግን ምን እንደ ሆነም ለማንም አልተናገርንም። አንድ ቀን በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ አንድ ወንድማችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ያ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ጠየቀን። ሌሎች እንዳይሰሙብን ተጠንቅቆ መጠየቁ ከስድብ የበለጠ ተሰማን። ከሰልፉ ወጥተን ምሳችንን ሳንበላ ሄድን። የቀረውን 5,600 ብር በዚያው ሳምንት መለስን፤ 4,000 ብሩን ግን ከየኪሳችን እያዋጣን የጨረስነው በሰኔ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ስለ ጨዋታው ብቻ አይደለም። ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ አንድ ነገር መሥራት በዓለም ላይ ከተስፋፋ ብዙ ጊዜው ነው፤ በአገራችንም እየተለመደ ሄዷል። ነገር ግን ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ከማግኘት ይልቅ ለተሰጠው ገንዘብ ሒሳብ የሚያቀርብ ሰው ማግኘት ይከብዳል። እኛም ይህን በራሳችን ጥፋት ስለ ተማርነው በዚሁ ላይ ያለንን ሐሳብ አስቀድመን ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

በመጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ።

ከነገሌ ነን ስንል አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁን ስለ አረቄ ነው። ከተማችን በአረቄዋ መታወቋ እውነት ነው፤ እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ውሃ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድ ሞጆንና መቂን፥ ዛሬ ባቱ የምትባለውንም የዝዋይን ከተማ አልፎ ቡልቡላ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ላንጋኖን በግራ፥ አብያታንና ሻላን በቀኝ እየተወ ወደ አርሲ ነገሌ ይወጣል። በመኪና መስኮት ለሚያይ መንገደኛ እነዚህ ሐይቆች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የተቀመጡ ይመስላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ደምበል የሚባለው የዝዋይ ሐይቅ ከመቂና ከከታር ወንዞች ውሃ ይቀበላል፤ ሞልቶ ሲተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይልካል። ላንጋኖም የተረፈውን በሆራከሎ በኩል ወደዚያው ያፈሳል። አብያታ ግን የሚያፈስበት መውጫ የለውም፤ የመጣለትን ውሃ ፀሐይ ትወስደዋለች፤ ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከላይ የሚቀዳው ውሃ ሁሉ ከአብያታ ድርሻ የሚቀነስ ነው።

ከላይ የሚቀዱት ደግሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም። በዝዋይ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ አለ፤ ለውጭ ገበያ አበባ የሚያመርቱ እርሻዎች አሉ፤ የከተሞች የመጠጥ ውሃ አለ። በአብያታ ዳር ደግሞ በፈረንጆች 1980ዎቹ የተጀመረ የሶዳ አሽ ሥራ አለ። ሁሉም የሚፈልገው ተገቢውን ነው። ነገር ግን ሁሉም ተገቢውን እየወሰደ አብያታ ካለፉት ሃምሳ ዓመታት ወዲህ ከስፋቱ ግማሽ የሚሆነውን አጥቷል። ከመካከላችን የአንዱ አባት በልጅነታቸው ቆመው ከብት ያጠጡበትን ዳር ልጃቸው ዛሬ በደረቅ መሬት ላይ በእግሩ ይሄድበታል።

ወፎቹንም እንጨምር። ይብራ የተባለው ታላቅ ወፍ እንቁላሉን የሚጥለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነው፤ ሻላ ጥልቅ ነው፥ 266 ሜትር ይደርሳል፤ ነገር ግን ለይብራው የሚበቃ ዓሣ የለውም። ስለዚህ ይብራው ቤቱን በሻላ አድርጎ ምግቡን በአብያታ ይፈልግ ነበር። የአብያታ ውሃ ሲቀንስ ጨዉ በረታ፤ ጨዉ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ይብራውም ለልጆቹ ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ግድ ሆነበት። የአብያታና ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሆኖ የተከለለው በተለይ ለእነዚህ ወፎች ነበር።

ይህን ነገር በክፍል ውስጥ ተምረነዋል፤ ፈተናም ተፈትነንበታል። ነገር ግን ለቤተ ዘመዶቻችን ልናስረዳቸው ስንሞክር አልሆነልንም። «ውሃውን አትቅዱ» ማለት «አትብሉ» ማለት ነው። ስለዚህ ምክር ከምንሰጥ ጨዋታ እናውጣ አልን።

የጨዋታው ሥርዓት በአጭሩ ይህ ነው። ገበታው ከእንጨት የተፈለፈለ ሲሆን አራት ሰፋፊ ጉድጓዶች አሉት፤ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ ናቸው። በዝዋይና በአብያታ መካከል ስድስት ትንንሽ ጉድጓዶች ተደርድረዋል፤ እነሱ የቡልቡላ ወንዝ ናቸው። የሚጫወቱት ከሦስት እስከ አምስት ሰዎች ናቸው። በየዙሩ አንዱ ተጫዋች እጁን ወደ ከረጢቱ ይከትና ሳያይ ጠጠሮች ያወጣል፤ ነጩ ዝናብ፥ ጥቁሩ ድርቅ ነው። ነጮቹ ወደ ላይኞቹ ሐይቆች ይገባሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተጫዋች በተራው ለእርሻው፥ ለከብቱ ወይም ለዓሣው ከአንድ እስከ ሦስት ጠጠር ይወስዳል። የተረፈው እንደ ገበጣ አንድ አንድ እየተዘራ በወንዙ ይወርዳል። ፀሐይም ድርሻ አላት፤ በየዙሩ ከአብያታ ሁለት ጠጠር ትወስዳለች። በአብያታ የቀረው ጠጠር ከአሥር በታች ከሆነ ይብራው ከሻላ ይሰደዳል፤ ጨዋታው ያልቃል፤ ሁሉም ተሸናፊ ይሆናል። ሐይቁ እስከ አሥራ ሁለተኛው ዙር ከቆየ ግን ብዙ ጠጠር የሰበሰበው ያሸንፋል።

ባለፈው ክረምት የመጀመሪያውን ገበታ ይዘን ነገሌ በአንዳችን ደጃፍ ከዛፍ ሥር አራት ሽማግሌዎችን አጫወትን። ገበጣ የለመዱ ስለ ሆኑ እጃቸው ከእኛ ይልቅ ፈጣን ነበር። በአምስተኛው ዙር አብያታ ደረቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ገበታውን ቁልቁል እያዩ በአፋን ኦሮሞ ጠየቁን፤ ትርጉሙም «ልጆቼ፥ ሁላችን ከተሸነፍን ያሸነፈው ማን ነው?» ማለት ነው። ምን እንደምንመልስ አጣን። እሳቸውም መልሳችንን ሳይጠብቁ «እንደገና ደርድሩት» አሉ። በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ማንም ሳያዛቸው ከመካከላቸው አንዱን ዳኛ አደረጉ፤ እሱ ዝናቡን እያየ «በዚህ ዙር ከአንድ በላይ የለም» እያለ ይወስን ጀመር። ሐይቁ እስከ መጨረሻው ቆየ። እኛ በደንቡ ውስጥ ስለ ዳኛ አንድም ቃል አልጻፍንም ነበር። ዛሬም አልጻፍንም፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይድረሱበት ብለን ተውነው።

ይህ አሠራር ለሰሚ አዲስ ቢመስልም መሠረቱ አሮጌ ነው። ገበጣ በአገራችን በብዙ ዓይነት ሥርዓት የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ በኦሮሞ አገር በብዙ ቦታ ሰዴቃ ይሉታል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በፈረንጆች 1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ረጅም ጥናት አውጥተው ነበር። ሰንጠረዥንም ብንመለከት የጥንቱ የአገራችን ተጫዋቾች ጨዋታውን ሲጀምሩ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ያሰልፉ ነበር፤ ይህንንም ወረራ ይሉታል። እንዲህ ያለ ሀብት እያለን በሱቆቻችን ተደርድረው የምናያቸው የገበታ ጨዋታዎች ግን በአብዛኛው ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። በ1940 በአሜሪካ ዊልያም ቻምፒዮን የተባለ ሰው ከገበጣ ቤተ ሰብ የሆነውን ጨዋታ አቅልሎ «ካላህ» በሚል ስም አወጣውና በየቤቱ እንዲገባ አደረገው። ይህን ስንል ሰረቁን ማለታችን አይደለም፤ ጨዋታ ወሰን የለውም። እነሱ በሣጥን አድርገው ለገበያ ሲያወጡት እኛ ምን እንደ ጠበቅን ግን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። በቅርቡ ግን መልካም ጅምር አለ፤ በአዲስ አበባ ቅኔ ቴክኖሎጂስ የተባለው ድርጅት ገበጣን የስልክ ጨዋታ አድርጎ አውጥቶታል። በናይጄሪያም ኬኔቹኩ ኦግቡዋጉ የተባለ ሰው በአገሩ የተፈለሰፉ የገበታ ጨዋታዎችን እዚያው እያሠራ በማውጣት ታውቋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ።

አዲስ ጨዋታ ያወጣ ሰው ባለጸጋ ካልሆነ እንዴት ያሠራዋል? በሌላው ዓለም ከ2009 ጀምሮ ኪክስታርተር የሚባል መንገድ ተከፍቷል። ሐሳብ ያለው ሰው ሐሳቡንና የሚያስፈልገውን ገንዘብ በኢንተርኔት ለሕዝብ ይገልጻል፤ የወደደው ሁሉ ጥቂት ጥቂት ለመስጠት ቃል ይገባል። እስከ ተወሰነው ቀን የተጠየቀው ገንዘብ ከሞላ ሥራው ይጀመራል፤ ካልሞላ ከማንም ኪስ አንድ ሳንቲም አይወጣም። በዚህ መንገድ በ2015 «የሚፈነዱ ድመቶች» የሚል ትርጉም ያለው የካርታ ጨዋታ ከ219,000 በላይ ከሆኑ ሰዎች ስምንት ሚሊዮን ተኩል ከሚበልጥ ዶላር አግኝቷል። በ2020 ደግሞ «ፍሮስትሄቨን» የተባለ የገበታ ጨዋታ ወደ 13 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል።

እነዚህን ትልልቅ ቁጥሮች ስንሰማ ልባችን ይነሣሣል። ነገር ግን የሌላውንም ታሪክ መስማት ይገባል። በ2012 በአሜሪካ አንድ ሰው የገበታ ጨዋታ አሳትማለሁ ብሎ 35,000 ዶላር ጠየቀ፤ ሕዝቡም ከ122,000 በላይ ሰጠው። በዓመቱ ሥራው መቅረቱን አስታወቀ። የአገሩ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ ሰውየው ከገንዘቡ ብዙውን ለቤት ኪራይና ለግል ጉዳዩ አውሎታል ሲል በ2015 ከሰሰው። መሥሪያ ቤቱ በሕዝብ መዋጮ ላይ የመሠረተው የመጀመሪያው ክስ ይኸው ነበር። ከሰጡት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ የሰጡት ጥቂት ዶላር ነው፤ በእሱ አይደኸዩም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ እውነተኛ ልጅ እውነተኛ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ለመግባት ያመነታል።

በአገራችንም ሆነ በውጭ ከኢንተርኔት በፊት መዋጮ ያልነበረ ሊመስለን አይገባም። በ1885 ፈረንሳዮች ለአሜሪካ የሰጡትን የነጻነት ሐውልት የሚያቆሙበት መሠረት ገንዘብ ባጣ ጊዜ ጆሴፍ ፑሊትዘር በጋዜጣው ሕዝቡን ጠየቀ። ከመቶ ሺሕ በላይ ሰዎች ከመቶ ሺሕ በላይ ዶላር አዋጡ፤ አብዛኞቹ የሰጡት ከአንድ ዶላር በታች ነው። ጋዜጣው ግን ምንም ትንሽ ቢሆን የሰጠውን ሰው ሁሉ ስም ያትም ነበር። ሳንቲም የሰጠ ሕፃን ስሙን በጋዜጣ ያነብባል፤ ያነበበውም ደግሞ የገንዘቡን ሒሳብ ይከታተላል።

ለእኛ ደግሞ ዕቁብና ዕድር አለን። ዕቁብ ዳኛ አለው፥ ጸሐፊ አለው፥ ዋስ አለው። ዕጣው የወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። እናቶቻችን በነገሌ ገበያ በእነዚህ ሥርዓቶች ገንዘባቸውን ሲያስቀምጡ በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ ደብተሩ በፊታቸው ይገለጣል። ትልቁንም ነገር ብንወስድ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ከደመወዙ የሰጠ ሠራተኛ፥ ቦንድ የገዛ ገበሬ፥ በስልክ መልእክት ጥቂት ብር የላከ ተማሪ ሁሉ «የኔ ነው» ለማለት ችሏል። «አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለአምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ የምንጨምርበት ሎሚዎቹን የሚቈጥር ሰው ያስፈልጋል የሚለውን ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን በኪክስታርተር አትጠይቁም?» የሚለን አለ። መልሱ አጭር ነው፤ በዚያ ዘመቻ ለመክፈት ከተወሰኑት አገሮች ባንዱ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ከእነዚህ ውስጥ የለችም። በውጭ አገር ያለ ዘመድ በስሙ ሊከፍትልን ይችል ነበር፤ ነገር ግን ጥያቄ ቢነሣ ተጠያቂው እሱ ሊሆን ነው። ከዚህም በላይ የመጀመሪያዎቹ ተቈጣጣሪዎቻችን በየቀኑ በምግብ አዳራሽ የምታገኙን እናንተ ብትሆኑ ይሻላል ብለን አመንን።

ስለዚህ የምንጠይቅበት ሁኔታ ይህ ነው፤ በጥሞና እንድታዳምጡን እንለምናለን።

አንደኛ፤ ዋጋው። ለአንዱ ገበታ እንጨት 250 ብር፥ የአናጢ የእጅ ዋጋ 400 ብር፥ ከረጢትና ጠጠር 90 ብር፥ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሚታተመው የደንብ ወረቀት 60 ብር፤ ድምሩ 800 ብር ነው። ይህ በ150 ሲባዛ 120,000 ብር ይሆናል። ለማጓጓዣና ለሚሰበረው 12,000 ብር ጨምረናል። ለእኛ የሚከፈል ምንም የለም። ስለ እንጨቱም አንድ ነገር እንናገር፤ የመጀመሪያውን ገበታ የፈለፈልነው ከአሮጌ የዋንዛ ሳንቃ ነበር፤ በጣም ያምራል። ሌላ ዋንዛ ፍለጋ ስንሄድ ግን አናጢው «ልጆች፥ ዋንዛ ውድ ነው፤ መቁረጡም ያስጠይቃል» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ዋንዛ በሕግ ጥበቃ ከተደረገላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው። ለሐይቅ ጥብቅና የሚቆም ጨዋታ ከደን የተሰረቀ እንጨት ላይ ሊቀመጥ አይገባውም። ስለዚህ ተተክሎ የሚቆረጠውን የፈረንጅ ጥድ መረጥን፤ እንደ ዋንዛ ባያምርም ለመፈልፈል ይቀላል።

ሁለተኛ፤ ለሚሰጠው ሰው የሚደርሰው። 1,100 ብር የሰጠ አንድ ገበታ ይደርሰዋል። 120 ሰዎች ከተገኙ ገንዘቡ ይሞላል። የቀሩት 30 ገበታዎች በነገሌና በሐይቆቹ ዙሪያ ላሉ ትምህርት ቤቶች በነጻ ይሰጣሉ። 1,100 ብር ለተማሪ ብዙ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም የለንም። ስለዚህ አሥራ አንድ ሆናችሁ መቶ መቶ ብር ብታዋጡ ለአሥራ አንዳችሁ አንድ ገበታ ይሰጣችኋል፤ በማን ክፍል እንደሚቀመጥ ደግሞ እናንተው ተስማሙ።

ሦስተኛ፤ ጊዜው። መዋጮው ከጥር 1 እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ስድሳ ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ 132,000 ብር ካልሞላ ምንም ሥራ አይጀመርም፤ አንድ ብር ቢጎድልም የእያንዳንዱ ገንዘብ በአሥር ቀን ውስጥ ይመለሳል። ከሞላ ሁለቱ አናጢዎች በሳምንት አሥር ገበታ ያህል ስለሚያወጡ ሥራው አሥራ አምስት ሳምንት ይፈጃል፤ ገበታዎቹን እስከ ሰኔ 30 ቀን እናስረክባለን።

አራተኛ፤ ጠባቂዎቹ። ገንዘቡ በባንክ የሚቀመጠው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው፤ አንዱ መምህር ናቸው፥ ሁለተኛው ኅብረቱ የሚመርጠው ተማሪ ነው፥ ሦስተኛው ከእኛ አንዱ ነው። ኅብረቱ የሚመርጠው ተማሪ ከ64ቱ አንዱ ቢሆን ደስ ይለናል። በእጅ ገንዘብ አንቀበልም፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ብቻ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ክፍያ ምልክቱን እንዲተው ነው።

አምስተኛ፤ ሒሳቡ። የዚህ ጋዜጣ አዘጋጆች በየአሥራ አምስት ቀኑ ግማሽ ገጽ ሊሰጡን ተስማምተዋል። በዚያ ላይ የሰጡት ሰዎች ስም፥ የገባው ገንዘብ፥ የወጣው ገንዘብ፥ የዘገየው ሥራ ሁሉ ይወጣል። የሚነገር ነገር በሌለበት ሳምንት «የሚነገር ነገር የለም» ብለን እናወጣለን። ከሁለት ዓመት በፊት ይህችን አንድ መስመር ጽፈን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ ማለት ባላስፈለገን ነበር።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ እሱንም ልንሸሸው አንፈልግም። «በዚህ ኑሮ በከበደበት ዘመን ለጨዋታ ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት አይደለምን?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ታማሚ የሚያሳክም መዋጮ ከፊታችሁ ቢቀርብና ከሁለቱ አንዱን ብቻ መስጠት ብትችሉ እኛ ራሳችን ለታማሚው ስጡ እንላለን። ነገር ግን ስለ አብያታ የተጻፈ ጥናት በየቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ በውሃው ዳር ከሚኖሩት ሰዎች ስንቱ እጅ ገብቷል? ያ ሽማግሌ «እንደገና ደርድሩት» ያሉት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ከተጫወቱ በኋላ ነው። ጨዋታ ሐይቅ አያድንም፤ እንዲህ ብለን ልናታልላችሁ አንመኝም። ነገር ግን ሰዎች ስለ አንድ የጋራ ነገር ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ገበታ ሊሆን ይችላል። ስለ ዝዋይ ሽንኩርትና ስለ አብያታ ወፍ ባንድ ገበታ ዙሪያ ሲከራከሩ ሰምተናል፤ ጭቅጭቁ ከጨዋታው በኋላም ቀጥሏል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ጨዋታ ስናወጣ ስለ ገንዘብ ምንም አላሰብንም ነበር። አሁን ግን መዋጮም እንደዚያው የጋራ ሐይቅ መሆኑ ይታየናል። ከላይ የተቀመጠው መጀመሪያ ይቀዳል፤ ከታች ያለው የተረፈውን ይጠብቃል። በዚህ መዋጮ ከላይ የምንቀመጠው እኛ ነን፤ ስለዚህ ዳኛ ያስፈልገናል። ሽማግሌዎቹ ማንም ሳያዛቸው ዳኛቸውን መርጠዋል፤ እኛም ዛሬ ኅብረቱ የራሱን እንዲመርጥልን እንለምናለን። በደጁ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ገበታና አንድ ደብተር ተቀምጠዋል። ገበታውን ለመሞከር ማንም ገንዘብ አይጠየቅም፤ ተጫውታችሁ ካልወደዳችሁት ምክንያቱን በደብተሩ ላይ ጻፉልን። ለመስጠት የፈቀዳችሁም ዛሬ አትስጡ፤ እስከ ጥር 1 ቀን አስቡበት። ያን ቀን በመጀመሪያ የሚወጣው የሒሳብ መዝገብ አናት ላይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስሞች ታገኛላችሁ፤ የራሳችን ናቸው፤ ለአንድ ገበታ የሚሆነውን 1,100 ብር አምስታችን አዋጥተናል።